ታፔላና ደጅ ጥናት

ዛሬ ስለ ታላላቅ የፖለቲካ ጉዳዮች አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንዲት ታፔላ ነው። ርዝመቷ 2 ሜትር፣ ቁመቷ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነች፣ ከአንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቅ በር በላይ ልትሰቀል የታሰበች ታፔላ። ጽሑፉን አንብባችሁ ስትጨርሱ «ይህ ሰውዬ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች አልጽፍም ብሎ አታለለን» ብትሉኝ ግን አልቀየምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ በሌሎች ሰዎች ሱቅ ተቀጥራ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። ያጠራቀመችውንና ከዕቁብ የደረሳትን ገንዘብ አንድ ላይ አድርጋ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ያለች ሱቅ ተከራየች። ሁለት የስፌት መኪናና አንድ ካውያ አስገባች። የንግድ ፈቃድ አወጣች፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ተሰጣት፤ የኪራይ ውሏን በሕግ ፊት አጸደቀች። ይህ ሁሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ማለቁን መመስከር ይገባኛል፤ ትችት ሚዛን ካልጠበቀ ሐሜት ነውና። የቀረው ታፔላው ብቻ ነበር። ሱቋን በሟች እናቷ ስም «ትዕግሥት» ብላ ሰየመቻት። ስሙ ትንቢት ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ሱቋ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ በሕንፃው የኋላ ጎን የምትገኝ ናት። ኪራይዋም የረከሰው በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ላለች ሱቅ ታፔላ ጌጥ አይደለም፤ በር ነው። አላፊ አግዳሚው ስሟን ካላነበበ መኖሯን አያውቅም።

ዐሥራ አንድ ሳምንት

በመጀመሪያው ቀን ማመልከቻ፣ የንግድ ፈቃድ ኮፒ፣ የኪራይ ውል ኮፒና የታፔላው ንድፍ እንድታመጣ ተነገራት። አመጣች። በሁለተኛው ቀን ንድፉ ልኩንና ቀለሙን የሚያሳይ እንዲሆን፣ የሕንፃውም ፎቶግራፍ እንዲጨመር ተነገራት። ጨመረች። በሦስተኛው የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር የስምምነት ደብዳቤ ተጠየቀች። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ክፍለ ሀገር ሄደው ስለነበር ይህ ብቻውን ሁለት ሳምንት ፈጀ። በአራተኛው ጊዜ ባለሙያው መስክ ወጥተው ነበር። በአምስተኛው ጊዜ ንድፉ ላይ «ትግስት» ተብሎ የተጻፈው «ትዕግሥት» ተብሎ እንዲታረም ታዘዘች።

በዚህ በአምስተኛው ትእዛዝ ላይ ትንሽ ልቆም። የፊደል ነገር የሚያንገበግበኝ ሰው ነኝና ለፊደላችን የሚጨነቅ ሹም በመገኘቱ በመጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥያቄው ግን ይህ ነው፤ ንድፉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፋይሉ ውስጥ ነበረ፤ ስሕተቱም ያን ጊዜ ነበረ። ለምን በመጀመሪያው ቀን አልተነገራትም? ጉዳዩን ለማቃናት የሚሠራ መሥሪያ ቤት ጉድለቱን ሁሉ በአንድ ቀን ይነግራል። ጉድለትን አንድ በአንድ፣ በየሳምንቱ የሚቆነጥር መሥሪያ ቤት ግን ሳያውቀውም ቢሆን ሌላ ሥራ እየሠራ ነው።

በስድስተኛው ጊዜ የተሰጣት መልስ ከሁሉ የከፋ ነበር። «አዲስ መመሪያ ሊመጣ ስለሆነ ትንሽ ጠብቂ» ተባለች። መመሪያው ምን እንደሚል፣ መቼ እንደሚመጣ፣ ነባሩስ ምን እንደሚል ብትጠይቅ የሚያሳያት አልተገኘም።

በዚህ መካከል የኪራይ ቀን ሁለት ጊዜ ደረሰ። ሴትዮዋ ቢጨንቃት ትንሽ ባነር አሳትማ በሱቋ በር ላይ ሰቀለች። በማግስቱ ደንብ አስከባሪዎች መጥተው አወረዱት፤ ሁለተኛ ብትሰቅል እንደምትቀጣም አስጠነቀቋት። ደንብ ማስከበራቸውን አልቃወምም፤ ያለ ፈቃድ ሰቅላለችና። ነገር ግን ለመከልከል አንድ ቀን የበቃው አስተዳደር፣ ለመፍቀድ ሁለት ወር እንዴት አልበቃውም?

ከዚያ በኋላ በበሩ አካባቢ የሚያንዣብብ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ቀረባት። ስድስት ሺህ ብር ከሰጠችው በሦስት ቀን እንደሚያስጨርስላት ነገራት። ገንዘቡ አልነበራትም፤ ቢኖራትም የምትሰጥ ሰው አይደለችም። ለእኔ ደወለች።

ሃያ አምስት ደቂቃ

አሁን የምነግራችሁ ስለ ራሴ ነው፤ የሚያኮራኝም አይደለም።

ከረባቴን አስሬ ሄድኩ። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያዬን አይቶ «ዶክተር፣ ይግቡ» አለኝ፤ ሌላው ሰው የተሰለፈበትን መስመር አልፌ ገባሁ። ጉዳዩን በያዘው ክፍል የተቀመጠው ኃላፊ ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ። «መምህር፣ ለምን አስቀድመው አልደወሉልኝም?» አለኝ። ፋይሉን ከመሳቢያ አስወጣው። ምንም የሚጎድለው ነገር አልነበረም። ስለ አዲሱ መመሪያ ያነሣ ሰው የለም። ሻይ አስመጣልኝ፤ ሻዩን ጠጥቼ ሳልጨርስ ፈቃዱ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት እጄ ገባ። የክፍያውን ደረሰኝ ጨምሮ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ።

ደረጃውን ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሻችሁም። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ፋይላቸውን በፌስታል የያዙ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። በእጄ የያዝኩትን ወረቀት አይተው «ልጄ፣ ያንተስ አለቀልህ?» አሉኝ። «አዎ አባቴ» አልኳቸው። «ስንት ጊዜ ተመላለስህ?» ሲሉኝ ግን መልስ አጣሁ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ታናሽ ወንድሙ በእኛ ትምህርት ክፍል ለሁለተኛ ዲግሪ አመልክቷል፤ «እስቲ ቢያዩልኝ» አለኝ። በድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። እኔ ለአክስቴ ልጅ የጠየቅሁትን ነው እርሱ ለወንድሙ የጠየቀው። «አይሆንም፤ መግቢያው በፈተና ነው» ማለት ሲገባኝ «እናያለን» አልኩት። የዚያ ዓመት የመግቢያ ፈተና አራሚ ሌላ ሰው መሆኑን ሳውቅ ተገላገልኩ። የተገላገልኩት ግን በመርሕ አይደለም፤ በዕድል ነው።

ደጅ ጥናት አልሞተም

አባቶቻችን ለዚህ ሁኔታ ስም ነበራቸው፤ ደጅ ጥናት ይሉታል። ሹመት የሚፈልግ፣ ርስት የተነጠቀ፣ ፍርድ የተጓደለበት ሰው በጌታ ደጅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይከርማል። ደጅ ጥናት ሦስት ምልክቶች ነበሩት። አንደኛ፣ የጊዜ ገደብ የለውም። ሁለተኛ፣ ምን ቢሟላ እሺ እንደሚባል የተጻፈ ነገር የለም። ሦስተኛ፣ የሚገኘው ነገር መብት አይደለም፤ ችሮታ ነው። ስለዚህም ውለታ ይከፈልበታል።

እንግዲህ የአክስቴን ልጅ ታፔላ በእነዚህ ሦስት ምልክቶች መዝኑት። የጊዜ ገደብ? ዐሥራ አንድ ሳምንት ወይም ሃያ አምስት ደቂቃ። የተጻፈ መስፈርት? የታፔላ ፈቃድ የሚሰጠው ያ ቢሮ፣ ለፈቃዱ የሚያስፈልጉትን ነገሮች የሚዘረዝር አንዲት ታፔላ በራሱ ግድግዳ ላይ አልሰቀለም። ውለታ? ተከፍሏል፤ ወይም ሊከፈል ምንም አልቀረውም ነበር፤ የሚከፍለውም አንድም ወንጀል ሳይሠራ ፈተናውን በሚገባ ያጠና፣ የማላውቀው አመልካች ነበር። ውለታ እንደዚህ ነው፤ አንዱ የተቀበለውን ሌላው ይከፍለዋል።

ብዙ ጊዜ «ሙስና» ስንል የምናስበው በፖስታ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። በእኔ ጉዳይ አንዲት ሳንቲም ከደረሰኝ ውጭ አልተከፈለችም። አንድ ኦዲተር ቢመጣ ፋይሉ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ስድስት ሺህ ብር የጠየቀው ጉዳይ አስፈጻሚና እኔ የሸጥነውና የገዛነው አንድ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ያልተጻፈውን ሕግ የሚያልፍ መንገድ። እርሱ በብር ያስገዛል፤ እኔ በማዕረግና በትውውቅ ገዛሁ። የእኔ ዋጋ ረከሰ ማለት የእኔ ሥራ ጸዳ ማለት አይደለም።

ሥርዓቱ አይጥበቅ አላልኩም

አንዳንድ አንባብያን «ታዲያ ማንም የፈለገውን ይስቀል ልትል ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር የተጠላለፈ ቆርቆሮ፣ የእግረኛውን መንገድ የያዘ ብረት፣ የጎረቤቱን መስኮት የደፈነ ሸራ አደጋም ነው፣ ነውርም ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉ ሕንፃዎች ቀለማቸውን ሲለውጡ ታፔላዎቻቸውም አብረው ተለውጠዋል። ስለ ኮሪደር ልማቱ አፈጻጸም የተለያየ አስተያየት ሊኖረን ይችላል፤ ከተማ መልኳን የመጠበቅ ሥልጣን እንዳላት ግን አልጠራጠርም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759ም ከቤት ውጭ የሚሰቀሉ ማስታወቂያዎች ሕግ እንዲገዛቸው ማድረጉ ተገቢ ነው።

ጥብቅነትና ስውርነት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ለማሳየት ከእኛ እጅግ የጠበቀ ሕግ ያወጣች አንዲት ከተማ ልጥቀስ። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ እ.ኤ.አ. በ2006 «የጸዳች ከተማ» የተባለውን ሕግ አውጥታ፣ ከ2007 ጀምሮ የጎዳና ላይ የንግድ ማስታወቂያ ሰሌዳዎችን በሙሉ ከለከለች። የሱቆችን ስም የሚገልጹ ታፔላዎች ግን በልክ ተፈቀዱ። የሕንፃው ፊት ከ10 ሜትር በታች ከሆነ ታፔላው ከ1.5 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ከ10 እስከ 100 ሜትር ከሆነ ከ4 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ነጋዴዎች ጮኸዋል፤ ተከራክረዋል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የሳኦ ፓውሎ ልብስ ሰፊ ታፔላዋ በልክ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የማንንም ደጅ መጥናት አያስፈልጋትም። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ሜትር ይበቃታል። የአክስቴ ልጅ ታፔላ 1.4 ካሬ ሜትር ነው። በዚያ እጅግ ጥብቅ ሕግ፣ እጅግ ጠባብ በሆነው መደብ እንኳ ታልፍ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ሜትሩ ያለው በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አለመሆኑንም ልጨምር። ፔሩዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኤርናንዶ ደ ሶቶ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሊማ ከተማ አንዲት አነስተኛ የልብስ ስፌት ድርጅት በሕጋዊ መንገድ ለማቋቋም ሞከረ። ዓላማው ሥርዓቱን መፈተን ነበር። ሁሉንም ፈቃድ አሟልቶ ለመጨረስ 289 ቀናት ፈጀበት። የደ ሶቶ መደምደሚያ ቀላል ነው፤ ድኻው ከሕግ ውጭ የሚነግደው ሕግን ስለሚጠላ አይደለም፤ ሕጋዊነት ስለሚወደድበት ነው። ያቺ ባነሯን ያለ ፈቃድ የሰቀለች ሴት የዚሁ ምስክር ናት።

ሕጉ አለ፤ ወረቀቱ የለም

የሚገርመው በሕግ በኩል ብዙ አለመጉደላችን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 41 ዜጋ የመረጠውን ሥራ ሠርቶ የመተዳደር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን እንኳ አንድ ነጋዴ ሥራውን የሚያካሂድበትን ልዩ ስያሜ ከንግዱ ሀብት እንደ አንዱ ይቆጥረው ነበር፤ ስም ንብረት መሆኑን ያወቅነው ዛሬ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 እንድታነቡት እመክራችኋለሁ። አዋጁ ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ የሆኑ የከተማ አስተዳደሮችንም የሚመለከት ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ መመሪያ መመዝገብና ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ተፈጻሚነት የለውም። የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ መሰጠት አለበት። ቅር የተሰኘ ሰውም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እንግዲህ «አዲስ መመሪያ ሊመጣ ነው፤ ጠብቂ» የሚለውን መልስ በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። ገና ያልወጣ መመሪያ ሰውን ሊያግድ ቀርቶ፣ የወጣውም ይፋ ካልሆነ አያግድም ነበር።

ታዲያ ሕጉ ለምን ከወረቀት አይወርድም? የጠረጴዛው ማዶ ያለውን ሰው ብንወቅሰው ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይሆንም። የቀድሞ ተማሪዬን ኋላ ላይ ጠይቄው ነበር። የነገረኝ በአጭሩ ይህ ነው፤ ፈቃድ ፈርሞ ነገ አንድ የበላይ አለቃ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ታፔላው ካላማረው የሚጠየቀው የፈረመው ሠራተኛ ነው። ሳይፈርም ቢያቆየው ግን ማንም አይጠይቀውም። ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ ትእዛዙ በስብሰባና በስልክ ይለዋወጣል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ዝም ብሎ ማቆየት ስንፍና ሳይሆን ጥንቃቄ ይሆናል። የሚፈርመውም ለሚያምነው ሰው ብቻ ነው፤ ለሚያውቀው ማለት ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለው ተረት በዚህ መንገድ የመሥሪያ ቤት አሠራር ይሆናል። የተጻፈ መስፈርት እንግዲህ አመልካቿን ብቻ አይጠብቅም፤ ፈራሚውንም ይጠብቃል።

ምን ይደረግ?

ባለፉት ሃያ ዓመታት ብዙ የለውጥ ስሞች ሰምተናል። ቢፒአር መጣ፤ የዜጎች ቻርተር መጣ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «መሶብ» የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሥራ ጀመረ። አገልግሎትን አንድ ጣሪያ ሥር ማምጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን ዐሥር ደጅ ወደ አንድ ደጅ ቢሰበሰብ፣ መስፈርቱ እስካልተጻፈ ድረስ የሚቀረው የእግር መንገድ እንጂ ደጅ ጥናቱ አይደለም።

የምጠይቀው አራት ነገር ብቻ ነው። የሚያስፈልጉ ሰነዶች ሙሉ ዝርዝር፣ የሚፈቀደው ልክና ቀለም፣ የክፍያው መጠንም በየቢሮው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ያልተለጠፈ አይጠየቅ። ማመልከቻ ሲቀርብ ጉድለቱ ሁሉ በዚያው ቀን በጽሑፍ ይነገር፤ በዚያ ቀን ያልተነገረ ጉድለት ኋላ አይነሣ። ነጋዴ በራሱ ሱቅ ላይ ለሚሰቅለው፣ ከተወሰነ ልክ ለማይበልጥ ታፔላ የጊዜ ገደብ ይቀመጥ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መልስ ካልተሰጠ እንደተፈቀደ ይቆጠር። ክልከላ ከሆነም የተከለከለበት አንቀጽ ተጠቅሶ፣ ስምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ይሰጥ። ለእነዚህ አዲስ ሕንፃም የውጭ አማካሪም አያስፈልግም። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና አራት የስዕል ሚስማር ነው።

አምስተኛው ጥያቄ ለእኛ ነው፤ ለተማርነው፣ ስልካችን ውስጥ «የሚያስጨርስ ሰው» ላለን። የከተማው አሠራር ሳይለወጥ የሚኖርበት አንዱ ምክንያት እኛን ስለማያመን ነው። መጮህ የምንችለው፣ ሕግ የምናነብ፣ የምንጽፍ ሰዎች በሃያ አምስት ደቂቃ እንሸኛለን፤ የሚጮኽላቸው የሌላቸው ደግሞ በአግዳሚው ወንበር ላይ ይቀራሉ። እኔ በዚያ ቀን «መመሪያውን በጽሑፍ አሳዩኝ» ማለት እችል ነበር። ቢከለክሉኝ አቤቱታ መጻፍ፣ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 ወደተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት መድረስ እችል ነበር። ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ የአክስቴ ልጅም ኪራይ ነበረባት። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን ያን ቀን ምን ማድረግ ይገባኝ እንደነበር ቆራጥ መልስ የለኝም። የማውቀው ግን እርሷን የረዳሁበት መንገድ ለአዛውንቱ ምንም እንዳልፈየደላቸው ነው። መመሪያውን አስጽፌ አስለጥፌ ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም በተረፈ ነበር።

ታፔላው አሁን ተሰቅሏል። «ትዕግሥት ልብስ ስፌት» ይላል፤ ዐይኑ ዕም ንጉሡ ሥም በቦታቸው ናቸው። ደንበኛ እየመጣ ነው፤ አንድ ሠራተኛም ቀጥራለች። ባለፈው ሳምንት ሱሪ ላሳጥር ሄጄ፣ ገንዘብ አልቀበልህም አለችኝ። «ያንተን ውለታማ በምን እከፍለዋለሁ?» አለችኝ። ውለታ ባይሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ! በግድ ከፈልኳት።

ቸር እንሰንብት።